የአዲስ አልበም ወጪ በማን ይሸፈናል? ከዴንቨር ብላክ ሜታል እስከ ኦሮራ የሠርግ አዳራሽ

ኮልፋክስ ጎዳና የዴንቨርን መሀል ከተማ ከኦሮራ ጋር ያገናኛል። በዴንቨር በኩል፣ በ1913 ዓ.ም. ለሲኒማ የተሠራው ብሉበርድ ቴአትር ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አዳራሹ የሚይዘው ከ500 ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው፤ የብዙ ሰው ጆሮ እንደ ጩኸት ብቻ የሚሰማውን የሜታል ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች በየጊዜው ይቀርቡበታል። በዚያው መንገድ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ኦሮራ ሲደርስ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ የምግብ ቤትና የሱቅ ስሞችን ማየት ይጀምራል። ቅዳሜ ማታ በአዳራሾቹ ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት ወይም ከሌላ ከተማ የተጋበዘ ድምፃዊ አለ።

በአንድ ጎዳና ሁለት ጫፎች ሁለት የሙዚቃ ኢኮኖሚዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የአንደኛው አድማጭ ጥቂት ነው፤ ሆኖም በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አዲስ አልበም ያስገኛል። የሌላኛው አድማጭ ብዙና ታማኝ ነው፤ የሚጨፍረው ግን በአመዛኙ በሌላ ዘመንና በሌላ ከተማ በተቀረጸ ዜማ ነው። ልዩነቱን በችሎታ ወይም በሀብት ማስረዳት ይቀላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ዋናው ምክንያት ገንዘቡ የሚከፈልበት ጊዜና መንገድ ነው።

አምስት አልበሞች በአሥር ዓመት

ዌይፌረር የተባለው የዴንቨር ብላክ ሜታል ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ2014 ነው። በ2016፣ በ2018 እና በ2020 ሦስት ተጨማሪ አልበሞችን ካቀረበ በኋላ፣ በኦክቶበር 2023 «አሜሪካን ጎቲክ» የተሰኘውን አምስተኛ ሥራውን አበረከተ። የሥራዎቹ መነሻ ባንዱ የበቀለበት ምድር ነው፤ ስለ ምዕራብ አሜሪካ የሚነገረውን የድል አፈ ታሪክና ከጀርባው ያለውን ግፍ ይመረምራል። አምስተኛውን አልበም በሰሜን አሜሪካ ያሳተመው ፕሮፋውንድ ሎር የተባለ አነስተኛ የካናዳ ድርጅት ሲሆን፣ በአውሮፓ ያሠራጨው ሴንቸሪ ሚዲያ ነው። የባንዱ ከበሮ መቺ አይዛክ ፎልክ በሌላው የዴንቨር ባንድ በብለድ ኢንካንቴሽን ውስጥም ይጫወታል። ያ ባንድ ደግሞ በ2024 ያወጣውን አልበም የቀረጸው በርሊን በሚገኘው ዝነኛው ሃንሳ ስቱዲዮ ነበር። አንድ ሙዚቀኛ በሁለት ባንዶች እየሠራ፣ ከአንድ መካከለኛ የአሜሪካ ከተማ ተነሥቶ እስከ በርሊን የሚደርስ የሥራ ሰንሰለት ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ብላክ ሜታል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማይመች ታሪክ አለው። ስልቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ሲስፋፋ፣ ከአድራጊዎቹ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናትን እስከ ማቃጠል ደርሰዋል፤ በ1992 በበርገን አቅራቢያ የነደደው የፋንቶፍት ጥንታዊ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አይረሳም። ያን ድርጊት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ዛሬ በዚህ ስልት የሚሠሩ ባንዶች በአመለካከት እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ ያም ሆኖ ሙዚቃውን መውደድ ለዚህ ክርክር አስፈላጊ አይደለም። የሚመረመረው ሬዲዮ የማያጫውተው፣ ሠርግ የማይጠራውና አብዛኛው ሰው የሚሸሸው ሙዚቃ እንዴት ሳይቋረጥ ይሠራል የሚለው ነው።

ከኖርዌዩ የመጀመሪያ ትውልድ አንዱ የሆነው ዳርክትሮን ጥያቄውን ያጎላዋል። ፌንሪዝ በሚል ስም የሚታወቀው ከበሮ መቺው ለረጅም ዓመታት በፖስታ ድርጅት ተቀጥሮ ሠርቷል። ባንዱ በመድረክ መጫወት ካቆመ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም በ2024 የወጣውን ጨምሮ ከ20 ያላነሱ አልበሞችን አሳትሟል። ደመወዙ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ሙዚቃው ግን አልቆመም።

ቀድሞ የሚከፍል አድማጭ

የአልበም ኢኮኖሚ አስቸጋሪ ባሕርይ አለው። ወጪው ሁሉ የሚወጣው ከመጀመሪያው ቅጂ ሽያጭ በፊት ነው፤ ስቱዲዮው፣ የሙዚቀኞቹ የልምምድ ጊዜ፣ የድምፅ ቅንብሩ አስቀድመው ይከፈላሉ። ከታተመ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ ሰው ቢያዳምጠው የሚጨምረው ወጪ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ አድማጭ «ሌላው ይክፈል፣ እኔ አዳምጣለሁ» ለማለት ይፈተናል። ሁሉም እንዲህ ካለ አልበሙ አይሠራም።

የሜታል አድማጮች ይህን ችግር በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በልማድ ፈትተውታል። አልበሙ ሳይወጣ ሸክላውን አስቀድመው ያዝዛሉ፤ በኮንሰርቱ በር ላይ የባንዱን ስም የያዘ ካናቴራ ይገዛሉ፤ አነስተኛ አሳታሚው ከአንዱ ባንድ ሽያጭ ያገኘውን ለሌላው ቀረጻ ያበድራል። ባንድካምፕ የተባለው የሽያጭ ድረ ገጽ፣ ከገንዘብ ማስተላለፊያው ወጪ ውጪ፣ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከአልባሳት ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ወስዶ ቀሪውን ለሻጩ ይሰጣል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 500 ሰዎች፣ ማለትም ብሉበርድን የሚሞላ ሕዝብ፣ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር አስቀድመው ቢከፍሉ 12,500 ዶላር ይሰበሰባል። አንድ የሙዚቃ ማሠራጫ ለአንድ ጊዜ መደመጥ 0.4 ሳንቲም ይከፍላል ቢባል፣ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት ሥራው ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መደመጥ ይኖርበታል። ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ትንሽ ቋንቋ፣ ትንሽ ስልት ወይም ትንሽ ከተማ ያለው ሙዚቀኛ በብዛት አይድንም፤ የሚድነው አስቀድመው በሚከፍሉ ጥቂቶች ነው።

ታክሲው ውስጥ የነበረው ኪቦርድ

ከፌንሪዝ ታሪክ ጎን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ሊቀመጥ ይገባል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ፣ ባንዱ በ1977 «ቸ በለው» የተሰኘውን ታዋቂ አልበም ሲያወጣ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1981 ዋልያስ ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከከፊሉ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚሁ ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድን አዋሕደው የሠሩት ካሴት ወጣ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን የመሩት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ በመንዳት ነው። ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር በብዙ ቃለ መጠይቆች ተዘግቧል።

ካሴቱን እንደገና ለዓለም ያቀረበው አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 በራሱ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት አሳተመው። በዚያ የተገኘው አዲስ አድማጭ ኃይሉን ወደ መድረክ መለሳቸው፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ወጡ። በካሴቱና በ«ላላ በሉ» መካከል 33 ዓመታት አሉ።

ሁለቱም ሙዚቀኞች እንጀራቸውን የበሉት በሌላ ሥራ ነው፤ አንዱ ደብዳቤ ሲያመላልስ ሌላው ሰው ሲያመላልሱ። የፖስታ ሠራተኛው ግን ቀጣዩን ሥራውን የሚጠብቅ አሳታሚና አስቀድሞ የሚከፍል አድማጭ ነበረው። የታክሲ ነጂው የነበሯቸው የሚያከብሯቸው የአገር ልጆች ነበሩ። አክብሮት ብቻውን የስቱዲዮ ኪራይ አይከፍልም። መሐንዲሱ፣ ነርሷና ነጋዴው በየሠርጋቸው የዋልያስን ዜማ ሲያስከፍቱ በኖሩባቸው ዓመታት፣ ቀጣዩ ዜማ ሳይቀረጽ ቀረ።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሰናዱት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት አማካይነት ዓለም የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሙዚቃ አወቀ። በ2025 ሙላቱ አስታጥቄ ያወጡት አዲስ አልበም እንኳ የራሳቸውን የቀድሞ ድርሰቶች በአዲስ ቅንብር የሚመልስ ነው። ሥራው በራሱ የሚደነቅ ነው፤ አንድ ሊቅ በ80ዎቹ ዕድሜ ድርሰቱን መልሶ ሊመረምር መብቱ ነው። ገበያው ግን በተደጋጋሚ የሚከፍለው ለትናንቱ እንደሆነ ያመለክታል፤ አሳታሚዎቹም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

ሽልማትና ባለቤትነት

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ የሜታል አድማጭ ለራሱ ብቻ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ስደተኛው ግን ለወላጅ መድኃኒት፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለተፈናቀለ ዘመድ ይልካል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይሁንና ማኅበረሰቡ ለሙዚቃ ጨርሶ አይከፍልም ማለት አይደለም። ለሠርግ ባንድና ለዲጄ፣ ለአዲስ ዓመት ኮንሰርት ትኬት፣ በመድረክ ላይ ለሚሰጥ ሽልማት በየዓመቱ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በግንባር ላይ የሚለጠፈው ዶላር የአዝማሪን ቤት ያቆመ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ሽልማት የሚከፍለው ለዚያች ሌሊት ነው፤ ለድርሰት፣ ለልምምድና ለቀረጻ አይተርፍም። ሌሊቱን በደንብ ለመሸጥ ደግሞ ሕዝቡ የሚያውቀውን መጫወት ይበጃል። ስለዚህ ሙዚቀኛው ከራሱ ጥቅም አንጻር በትክክል አስቦ አሮጌውን ይመርጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ አዳዲስ የአማርኛ ዘፈኖች በዩቲዩብ በሚሊዮን ይታያሉ፤ ችግሩ የት አለ የሚል ነው። ያ ገበያ ለጥቂት ድምፃውያን በሚገባ ይሠራል። የማይደርሰው ለባንዱ፣ ለመሣሪያ ተጫዋቹና በውጭ አገር ለሚያረጀው አቀናባሪ ነው። በኦሮራ ተወልዳ ኪቦርድ የምትማር ልጅ በአካል ቀርባ የምትማርበት ሠራተኛ ባንድ ካጣች፣ ሙዚቃው ለእርሷ የወላጆቿ የመኪና ውስጥ ትዝታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ከዚያው ከተማ ብዙ አይርቅም። ለዓመታት የዴንቨር ታክሲ ነጂዎች የሌላ ሰው ፈቃድ ተከራይተው በየሳምንቱ ለኩባንያ ሲከፍሉ ኖረዋል። በ2009 የኮሎራዶ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ለዩኒየን ታክሲ የኅብረት ሥራ ማኅበር ፈቃድ ሲሰጥ፣ 262 ነጂዎች የድርጅታቸው ባለቤቶች ሆኑ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ነበሩ። በ2016 ግሪን ታክሲ በ800 ያህል አባላት ተከተለ። ባለቤትነት ከሁሉም ማዕበል አላዳናቸውም፤ ኮሎራዶ በ2014 የመተግበሪያ ታክሲዎችን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት ነበረችና ገበያው ከእግራቸው ሥር ተንሸራተተ። ቢሆንም እንግሊዝኛን በጎልማሳነት የተማሩ ሰዎች መዋጮ ሰብስበው፣ ጠበቃ አቁመው፣ በኮሚሽን ፊት ተከራክረው የጋራ ድርጅት ማቋቋም እንደሚችሉ አሳይተዋል። የአልበም ቀረጻ ከዚያ አይከብድም።

ለሙዚቃው የሚበጀው ቅርጽም የተለመደ ነው፤ እቁብ። 50 ሰዎች በወር 20 ዶላር ቢጥሉ በዓመት 12,000 ዶላር ይሆናል። ዕጣው ለአባላቱ በመድረስ ፈንታ በየዓመቱ ለአንድ ባንድ አዲስ ቀረጻ ይደርሳል። ጣዮቹ ሸክላውን ወይም ዲጂታል ቅጂውን ከሌላው ሰው በፊት ያገኛሉ፤ የቀረጻው ባለቤትነት ግን የሙዚቀኞቹ ሆኖ ይቆያል፤ ከሽያጩ የተወሰነው ድርሻ ወደ እቁቡ ይመለሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የፋይናንስ ሞዴል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ላይ የመንግሥት ገንዘብም አለ። በ1988 የዴንቨር አካባቢ መራጮች የሳይንስና የባህል ተቋማት ዲስትሪክትን አጸደቁ፤ በሰባት ካውንቲዎች ከሽያጭ ላይ 0.1 በመቶ ይሰበስባል። ኦሮራም በክልሉ ውስጥ ናት። ምግብ ቤት ውስጥ 20 ዶላር በየዓይነቱ የበላ ሰው 2 ሳንቲም ለባህል ከፍሏል ማለት ነው። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለአነስተኛ የባህል ድርጅቶች የሚከፋፈል ነው። ለመጠየቅ ግን በሕግ የተመዘገበ፣ መዝገቡ የጠራና ለዓመታት የሠራ ድርጅት መሆን ያስፈልጋል። በየዓመቱ ለአንድ ሌሊት ተሰብስቦ የሚበተን የኮንሰርት ኮሚቴ ይህን በር ሊያንኳኳ አይችልም።

በፖሊሲ ላይ የሚሠሩ የዳያስፖራ ባለሙያዎች ስለ ባህል ሲወያዩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ስለ መጠበቅ ነው። አሮጌውን ቀረጻ ማኖር ተገቢ ነው። አንድ ሙዚቃ ሕያው መሆኑ የሚታወቀው ግን አንጋፋዎቹ ቀጣዩን ሥራቸውን ሲያቀርቡና ወጣቶቹ በዚያ ቀረጻ ላይ አብረው ሲጫወቱ ነው። የኮልፋክስ ምዕራባዊ ጫፍ ጥቂት አድማጮች ያሉት ሙዚቃ እንኳ ይህን ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል። በምሥራቁ ጫፍ አድማጩም፣ ዜማውም፣ እቁቡም አሉ። የጎደለው፣ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ሃያ ዶላሩን የሚያስቀምጠው የመጀመሪያው ሃምሳ ሰው ነው።