ደንገሉ ከሌለ ታንኳው ከየት ይመጣል?

ስለ ጣና ታንኳ የሚነገረውን ያዳመጠ ሰው ሁለት ዓይነት ንግግር ብቻ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ሞተር ባለበት ዘመን በደንገል ነዶ ላይ ተቀምጦ መቅዘፍ ኋላ ቀርነት ነው፤ ጊዜው አልፏልና ይለፍ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ታንኳን የአባቶች ቅርስ እያለ ያወድሰዋል፤ ሥዕሉን በእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እንግዳ ሲመጣ አንድ ጊዜ ያሳፍርበትና ፎቶግራፍ ያነሣበታል። ሁለቱም ታንኳው ከምን እንደሚሠራና በማን እጅ እንደሚሠራ አይጠይቁም። እኔ የምከራከረው ከሁለቱም ጋር ነው።

እርግጥ መንዜ ስለ ታንኳ ምን ያውቃል የሚለኝ አይጠፋም። ጀማና ወንጪት በክረምት ሲሞሉ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ማዶ ለማዶ ተያይቶ ከሚጠብቅ ሕዝብ ውስጥ ጀልባ ሠሪ አልወጣም። ነገር ግን ሣር ጠብቆ የማኖርን ነገር መንዝ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ የታንኳውም ነገር በመጨረሻው የሣር ነገር ነው።

አስቀድሞ ለፊተኛው ወገን ልመልስ። ታንኳ ማለት ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ተጠቅሎ በልጥ የሚታሰር፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ መጓጓዣ ነው። ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ዕድሜውም ከጥቂት ወራት አያልፍም። ይህን ጉድለቱን ማንም አይክድም። ግን ነዳጅ አይጠይቅም፤ ብድር አይጠይቅም፤ ያረጀውን ጥሎ አዲስ ለማሰር ማጭድና ጉልበት ይበቃል። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤልን የመሰሉ የደሴት ገዳማት ለብዙ መቶ ዓመታት እህላቸውና እንግዳቸው የደረሰላቸው በዚሁ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ሲገባ ዓሣ አጥማጁ ሩቅ ደረሰ፤ ብዙም ያዘ። ይሁን እንጂ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች አፍ የሚጎርፈው ነጭ ዓሣ በዚያው ሥፍራ በመረብ እየተዘጋበት ብዛቱ እጅግ አሽቆለቆለ። ሞተር ይቅር አላልሁም፤ የታመመ ሰው ከደሴት ወደ ሐኪም የሚወስድ ሞተርን የሚጠላ ልብ የለኝም። ሆኖም «አዲሱ ከመጣ አሮጌው ይሙት» የሚለው ፍርድ ሒሳቡን ሳያይ የተፈረደ ነው።

ወዳሾቹም ከዚህ አይሻሉም። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ «ራ» የተባለው ጀልባው የታሰረው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ጀልባውን በግብፅ ፒራሚዶች ሥር ያሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ቡዱማዎች ናቸው። ደንገላችን በዓለም ታወቀ፤ አሳሪዎቻችን ግን ከጣና ዳር አልተነሡም። ዛሬም ቢሆን ታንኳን የሚያወድሰው ሰው የታንኳ ሠሪውን የነገደ ወይጦን ስም ሲጠራ አፉን ያጣምማል። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው በሉ ተብሎ እስከ ልጅ ልጅ ማዕድ የተከለከሉ፣ የእርሻ መሬት ያልደረሳቸው፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከሐይቁ ዳር የሚገፉ ሰዎች ናቸው። እጁን ንቆ የእጁን ሥራ ማድነቅ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ይህ ሁሉ ሲሆን ደንገሉ ራሱ አለቀ። በ1988 ዓ.ም. ግድም በጨረጨራ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ የሐይቁን ከፍታ ለመብራት ኃይል እንዲመች አደረገው፤ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎድሎ ዳርቻው ደረቀ። ውሃው የሸሸበትን መሬት ገበሬው አረሰው፤ ከብት ጋጠው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በሰውና ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ደንገሉን መቼ ማን እንደሚያጭድ፣ ያለ ጊዜው ያጨደውን ማን እንደሚጠይቅ በየጎጡ ካልተወሰነ ምዝገባው ብቻውን አንዲት ነዶ አያበቅልም።

መንዝ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በጓሳ አምባ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ስለሆነ፣ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠበቁት። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስ በተመረጡት አለቆች ትእዛዝ ይከፈታል፤ ታጭዶ እንደገና ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ያገኘው ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ኮሚቴ አቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ መልሶ ያዘው። ጓሳው አለ፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም አሉ።

ታዲያ ቄሮን እንዳለ ወደ ጣና እናሻግረው ማለቴ አይደለም። በቀድሞው ቄሮ ሣሩ የአስቦና የጌራ ዘር ነን ለሚሉ ባለ ርስቶች ብቻ ነበር፤ ከዘሩ ውጭ የሆነ ማጭድ ይዞ አይገባም። ይህ ሕግ በጣና ዳር ቢቆም መጀመሪያ የሚባረረው ርስት የሌለው ወይጦ፣ ማለትም ታንኳ ማሰር የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ መብቱ በአጥንት መቆጠሩ ቀርቶ በእጅ ሥራ ይቆጠር፦ ደንገል የሚያጭድ፣ ታንኳ የሚያስር፣ ሰሌንና ቅርጫት የሚሠራ ሁሉ ዘሩ ሳይጠየቅ የማኅበሩ አባል ይሁን፤ የተከለለው የዳርቻ ደንገልም በጽሑፍ ለማኅበሩ ይሰጥ። ለእርሻ የሚቀርበት ጥቂት ክንድ መሬት ነው፤ ደንገሉም ቢሆን ደለሉን ያዝ ያደርጋል፤ የዓሣ ጫጩትም ይጠለልበታል። ከየት ይጀመር የሚል ካለ፣ ከባሕር ዳር ከተማ ጀምሩ፤ ወይጦዎቹ ከነማጭዳቸው እዚያው አሉ።