ተበዳሪው ሲመሰገን አበዳሪው ስለ ምን ይረሳል?

የጥንት አማልክት ተረት በተነሣ ቍጥር ነገሩን ሁሉ ከግሪክ አገር የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አሉ። ክሮኖስ አባቱን ኡራኖስን ሰልቦ ነገሠ፤ ልጆቹንም እየዋጠ ሲኖር የመብረቅ ጌታ የሆነው ልጁ ዜውስ ድል ነሣው፤ ይህንንም ባለቅኔው ሔሲዮድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ ተቀኘው ይሉናል። ይህ እውነት ነው። «የተረቱም ምንጭ እዚያው ነው» ሲሉን ግን አንቀበላቸውም።

ኬጢያዊ የሚለውን ስም አንባቢያችን በመጽሐፍ ቅዱስ ከኦርዮ ታሪክ ጋር ያውቀዋል። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የነበሩት ኬጢያውያን ዋና ከተማቸው ሐቱሳ ነበረች። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1906 ጀምሮ በተደረገው ቍፋሮ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር የሸክላ ጽሑፍ ተገኘ፤ በ1915ም ሊቁ ህሮዝኒ የቋንቋውን ምስጢር ፈታ። ከጽሑፎቹም አንዱ እንዲህ ይላል፤ አላሉ በሰማይ ዘጠኝ ዓመት ነገሠ፤ አኑ ገለበጠው፤ ኩማርቢም አኑን በጥርሱ ሰለበው፤ የዋጠውም ዘር በሆዱ ውስጥ አማልክትን ፀነሰ፤ ከእነርሱም አንዱ የነጐድጓድ አምላክ ቴሹብ ነበረ።

የሰማይ አምላክ መሰለቡ፣ ሰላቢው አማልክትን በሆዱ መያዙ፣ በመጨረሻም የነጐድጓድ ጌታ መንገሡ በአንድ ተራ ተሰልፎ ሲገኝ «አጋጣሚ ነው» ማለት ይቻላልን? ሔሲዮድ በተቀኘበት ዘመን ሐቱሳ ራስዋ ከጠፋች ከ400 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

«ኬጢያውያንስ ከሌላ አልወሰዱምን?» የሚለን ቢኖር፣ አዎን፣ ወስደዋል እንላለን። ይህ ተረት ከጎረቤቶቻቸው ከሑራውያን የመጣ ነው፤ የአኑም ስም የመስጴጦምያ ነው። ነገር ግን ብድራቸውን አልሸሸጉም። በሥርዓተ አምልኮ መጻሕፍታቸው ካህኑ በየትኛው ሕዝብ ቋንቋ እንደሚናገር ለይተው ጻፉ። ንግሥት ፑዱሔፓም የአሪናን የፀሐይ እመቤት ስትለምን፣ በዝግባ አገር ሔባት ተብላ እንደምትጠራ በጸሎቷ መሰከረች።

እኛ የሔሲዮድን ክብር ለመቀነስ አልተነሣንም፤ የተቀበለውን ተረት አሳምሮ መቀኘት ትልቅ ጥበብ ነው። መበደር ነውር አይደለም፤ ነውሩ አበዳሪን መካድ ነው። አባቶቻችን «ብድር በምድር» ያሉት ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የአማልክትን ተረት ለልጆቻችን የሚያስተምር ሁሉ፣ ኦሊምፖስን ከመጥራቱ በፊት ሐቱሳን ይጥራ።