መንጃ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር

ሰው ካገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ለመኖር ሲነሣ ብዙ ነገር ይዞ ለመሄድ ያስባል። ልብሱን ይሸክፋል፤ የትምህርት ማስረጃውን በፖስታ ያሽጋል፤ የቤተ ዘመዱን ፎቶግራፍ በመጽሐፍ መካከል ያስቀምጣል። መኪና መንዳት የተማረ እንደ ሆነ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን በኪሱ ይይዛል። ነገር ግን በደረሰበት አገር ጥያቄ ከሚነሣባቸው ወረቀቶች አንዱ ይኸው ትንሽ ካርድ ነው። በሰበታ መንገድ ላይ ዓሥር ዓመት ያላንዳች ጉዳት የነዳ ሰው፤ በፍራንክፉርት ወይም በለንደን ከተማ እንደ ጀማሪ ተቆጥሮ «እንደገና ተፈተን» ይባላል።

ይህ ነገር ብዙዎቹን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ያሳዝናል፤ አንዳንዶቹንም ያስቆጣል። «ለእኛ ያላቸው ንቀት ነው» የሚሉም አልጠፉም። ይሁን እንጂ ነገሩን ረጋ ብለን ብንመረምረው፤ ጥያቄው የሚነሣው በሰውየው ላይ ሳይሆን በያዘው ምስክር ላይ መሆኑን እንረዳለን። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለማሳሰብ የምንፈልገውም፤ ያ ካርድ በውጭ አገር የሚኖረው ክብር በአብዛኛው የሚሠራው እዚሁ ባገር ቤት፤ በሰበታ፤ በቡራዩና በሱሉልታ በመሳሰሉት ከተሞች ባሉ የማሠልጠኛ ሜዳዎችና የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛዎች ላይ መሆኑን ነው።

መንጃ ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው? «ይህ ሰው ዓይኑና ጤናው ተመርምሮ፤ የመንገድ ሕግ ተምሮ፤ በጽሑፍና በተግባር ተፈትኖ አልፏልና መሪ ቢጨብጥ አያሠጋም» ብሎ መንግሥት ለሌላው መንገደኛ የሚሰጠው ቃል ነው። ቃልም የሚታመነው ተናጋሪውን በሚያውቁት ዘንድ ነው። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፤ ያገሩን ዳገትና ቁልቁለት፤ ከብቱና እግረኛው የሚያቋርጥበትን ሥፍራ ለይቶ የሚያውቅ ነጂ፤ በሌላ አገር መንገድ ላይ ሲደርስ ለጊዜው ላገሩ እንግዳ፤ ለሰዉ ባዳ ነው።

ይህን ለመረዳት ከራሳችን ታሪክ ሁለት ነገር ማስታወስ ይበቃል። አንደኛው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የመኪና ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያስታውሳቸው እዚያው ጀርመን አገር ሳሉ በሸክላ ባስቀረጹት ዜማ ቢሆንም፤ ካገራቸው ያስወጣቸው ጉዳይ መኪና መንዳትና መጠገን ነበር። በዚያን ጊዜ ዕውቀቱ ከዚያ ወደዚህ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን እዚሁ የሠለጠነ ነጂ ወደዚያው አገር ይሄዳል፤ የሚጠየቀውም «ያስተማሩህ እንዴት አድርገው ነው?» ተብሎ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነገር ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ትናንት ትክክል የነበረው አነዳድ በማግሥቱ አደጋ የሚያመጣ ሆነ። እንግዲህ ሰው ካገሩ ሳይወጣ እንኳ ሕጉ ሲለወጥ ልማዱን መለወጥ ከተገባው፤ እንግሊዝን ወይም ኬንያን ወደ መሰለ በግራ ወደሚነዳበት አገር የተሻገረ ነጂ እንደገና ተፈተን ቢባል ምን ያስደንቃል?

አሁን ደግሞ በየአገሩ ያለውን ሥርዓት እንመልከት። በጀርመን አገር፤ ኗሪ ሆኖ የገባ ሰው ባገሩ መንጃ ፈቃድ ለ6 ወር መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ ፈቃዳቸው ያለ ፈተና ወይም በከፊል ፈተና የሚለወጥላቸው አገሮች በዝርዝር ተለይተዋል፤ ኢትዮጵያ ከእነርሱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የእኛ ሰው የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሆኖም ቀድሞ መንጃ ፈቃድ ያለው ስለ ሆነ፤ ጀማሪ እንዲማር የሚገደድበትን የትምህርት ሰዓት አይገደድም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጊዜው 12 ወር ነው፤ ኢትዮጵያ ከተመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፤ ከዚያ በኋላ የተማሪ ፈቃድ አውጥቶ መፈተን ነው። በአሜሪካ በቨርጂንያ ክፍለ ግዛት ያለ ጀርመናዊ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ስምምነት ስላለ ያለ ፈተና ሲለወጥለት፤ አጠገቡ የተሰለፈው ኢትዮጵያዊ ወደ ፈተና ክፍል ይገባል።

አንዳንድ ሰው «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዤአለሁና አያሠጋኝም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ያ ደብተር ያገር ቤቱ ፈቃድ ትርጉም እንጂ ራሱን የቻለ ፈቃድ አይደለም፤ የሚጠቅመውም ለመንገደኛና ለጐብኚ ነው። በ1961 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት እንኳ፤ መኖሪያውን አዛውሮ የመጣን ሰው ፈቃድ እንዲቀበሉ አገሮችን አያስገድድም። ጐብኚ ሌላ ነው፤ ኗሪ ሌላ ነው።

ደግሞም የእኛ ሰው የሚያገኘው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ የጽሑፉን ፈተና በአማርኛ መፈተን ይቻላል። ይህም የሆነው ወገኖቻችን በዚያ በርክተው፤ ከተማዪቱም በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ስለ ሆነ ነው። በካናዳ በኦንታሪዮ ደግሞ፤ አዲስ ገቢው ነጂ ባገሩ የነዳበት ዘመን ይቈጠርለታል፤ በዚህም ለመጨረሻው ፈተና የሚጠብቀው ጊዜ ያጥርለታል። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ እንዲቈጠርለት ቢፈልግ፤ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ዓሥር ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያመላለሰ ነጂ፤ የዚያ ሁሉ ዘመን ላብ በአንዲት ደብዳቤ መምጣትና መቅረት ይወሰናል። ደብዳቤዋን የሚጽፈው የካናዳ ሹም አይደለም፤ እዚሁ ባገራችን በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠ፤ ምናልባትም አምና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ሠራተኛ ነው። መዝገቡን «ነገ ተመለስ» እያለ ቢያቆየው፤ በሩቅ አገር ያለው ወንድሙ የሚያጣው ቀጠሮ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ በሩን ጭምር ነው።

ስለ ሰበታ፤ ስለ ቡራዩና ስለ ሱሉልታ ለይተን ያነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን ከበው፤ አንደኛዋ በጅማ፤ ሁለተኛዋ በአምቦ፤ ሦስተኛዋ በጐጃም መንገድ ላይ የተቀመጡ የመኪና በሮች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም በእርሱ ሥር ተጠቃለዋል። የመሥሪያ ቤት ስምና አድራሻ ሲለወጥ፤ በአሮጌው ስም የተሰጠ ማስረጃ ሁሉ በአዲሱ ስም ተፈልጎ መገኘት አለበት። አንድ የውጭ መሥሪያ ቤት «ይህ ካርድ የእናንተ ነውን?» ብሎ ሲጽፍ፤ «ያ ቢሮ ዛሬ የለም» የሚል መልስ ቢያገኝ፤ የሚወድቀው የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያገር ቃል ነው።

ደብዳቤው ግን የሚያረጋግጠው የተደረገውን ብቻ ነው። ሥልጠናው ሳይሟላ፤ ፈተናው ሳይፈተን ካርድ የሚያገኝ ሰው ካለ፤ ያን ጊዜ ማኅተሙ ራሱ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የተደነገገው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ስሙ እንደሚያመለክተው ብቃትን ለማረጋገጥ እንጂ ካርድ ለማደል አልወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፤ በአገራችን ከ100,000 ሰው 26 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። እንግዲህ አቋራጭ ፈልጎ ካርድ የሚያወጣ ተማሪ፤ መጀመሪያ የሚጐዳው የለንደንን መንገድ ሳይሆን የሠፈሩን ልጆች መሆኑን ልብ ይበል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን፤ ወደ አገር የሚመለሰውንም ሰው እናስብ። ብዙ ዘመን በውጭ አገር ኖሮ በሱሉልታ ወይም በቡራዩ ቤት ሠርቶ የሚገባ ወገናችን፤ የውጭ አገር መንጃ ፈቃዱን በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አስመስክሮ በኢትዮጵያው እንዲተካለት ይጠይቃል። እርሱም መመላለሱ ይሰለቸዋል። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ማርሹን ራሱ በሚለውጥ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፤ ከሱሉልታ ተነሥቶ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፤ ባለመሪ ማርሽ መኪና ከነጭነቱ ይዞ ቢገኝ፤ የያዘው ካርድ ፍሬን አይሆነውም። ስለዚህ በውጭ አገር እንድንፈተን መጠየቃችን አግባብ ከሆነ፤ የተመለሰውም ሰው ያገሩን መንገድ እንደገና ቢለማመድ ውርደት የለበትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለመሄድ የተነሣ ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ያዘጋጅ። አንደኛ፤ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን የፈቃድ ቀንና የተሽከርካሪውን ምድብ የሚገልጽ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይያዝ። «ሕዝብ 1»፤ «ደረቅ 2»፤ ወይም የቀድሞው «ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ» ማለት ምን እንደ ሆነ፤ ስንት ሰው ወይም ስንት ጭነት እንደሚመለከት ካልተብራራ፤ የውጭው ሹም ሊረዳው አይችልም። ሁለተኛ፤ ስሙ በፓስፖርቱና በካርዱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን ይመልከት። ሦስተኛ፤ ቀኑን ያስተውል። በ2017 ዓ.ም. የተሰጠ ፈቃድ ዘመኑ በእኛ አቈጣጠር ብቻ ተጽፎ እንደ ሆነ፤ አውሮፓዊው አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስረጅቶ ያነበዋል፤ በሥራ ላይ ያለውንም ፈቃድ ዘመኑ ያለፈበት ያደርገዋል።

መንግሥትም በበኩሉ፤ ዜጎቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው አገሮች ጋር ፈቃድ በፈቃድ የመለዋወጥ ስምምነት እንዲኖር ቢደክም መልካም ነው እንላለን። ስምምነት ግን በልመና አይገኝም። ተዋዋዩ ወገን የእኛን ፈተና አይቶ «ከእኔው ፈተና አያንስም» ማለት አለበት። ይህን የሚያስብለው የዲፕሎማቱ አንደበት ብቻ ሳይሆን፤ በሰበታ ሜዳ ላይ የቆመው ፈታኝ ያላለፈውን «አላለፍህም» ለማለት ያለው ድፍረት ነው።

ስለዚህ ወጣት ተማሪዎች ሥልጠናችሁን ከካርዱ አስበልጡ፤ ወጣት ሹማምንትም ፊርማችሁን እንደ መሐላ ቍጠሩ። እናንተ ዛሬ በቡራዩ የምትፈርሙበትን ወረቀት ነገ በሌላ አገር መስኮት የሚያነበው ሰው እናንተን አያውቃችሁም፤ ኢትዮጵያን ግን በዚያች ወረቀት ይመዝናታል።