«አታምነኝም እንዴ?»

ያገለገለ መኪና ከሚሸጥበት ከየትኛውም የአዲስ አበባ ጥግ ብትቆሙ ይህቺን ጥያቄ ሳትሰሙ አትመለሱም። ገዢው ኮፋኖውን ሊያስከፍት ሲል ሻጩ ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። «ወንድሜ፣ አታምነኝም እንዴ?» ይላል። ደላላው ከጎን ሆኖ «ኧረ የጨዋ ልጅ ነው!» እያለ ያግዛል። ገዢ ይሉኝታ ይይዘውና እጁን ይሰበስባል። እናላችሁ፣ የስንት ዓመት ቁጠባ፣ የዕቁብ ብር፣ ከዓረብ ሀገር እህት የላከችው ገንዘብ በዚያች አፍታ እጅ ይለውጣል።

ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ቀረጡን አከበደ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የመለዋወጫው ዋጋ ሌላ ራስ ምታት ሆነ። እዚሁ ሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ የነዳጅ መኪና ዛሬ እንደ ቅርስ ይፈለጋል። ዕቃ ሲወደድ ደግሞ ማየት ይበረታል እንጂ አይቀንስም። እኛ ግን ግልባጩን ነው የያዝነው። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲባል ዓይናችንን ጨፍነን እንፈርማለን።

ገበሬ በሬ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው እዚያ ላይ ተጽፏል። ሰኮናውን ይመረምራል፣ ጀርባውን በመዳፉ ይዳብሳል። በቅሎ ከሆነች ኮርቻዋን አስወርዶ ገጣባ እንዳለባት ያያል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬዳታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላም «ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩ አይቆጣም፣ አያኮርፍም። ሌላ ቀን እሱ ራሱ ገዢ ሲሆን እንደዚያው ያደርጋልና። ስለዚህ «መፈተሽ ከባህላችን የወጣ ነው» የሚለኝን ሰው ባህሉ የቱ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የአያቶቻችን ባህል ጥርስ ማየት ነው። ሳሩን እንጂ ገደሉን የማያይ በሬ የሆነው የከተማው ሰው ነው።

ከከተማው ሰው ደግሞ የተማረው ይብሳል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የማውቃቸው ባልደረቦቼ ተማሪ ምንጭ ሳይጠቅስ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ውጤት ይቀንሱበት ነበር። መኪና ሲገዙ ግን ቀለሙን አይተው፣ የውስጥ ሽቶውን አሽትተው፣ ቴፑን አስከፍተው «ደህና ነው» ብለው ይመለሳሉ። እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል?

በሥነ ጽሑፍ ክፍል ሰምና ወርቅ ስናስተምር የመጀመሪያው ትምህርት ሰሙ ላይ እንዳይቀሩ ነው። አሮጌ መኪናም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ሰም ነው፤ ወርቁ ከሥር ነው። ከቀለሙ ሥር ያለውን ለማወቅ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። ላሜራው ላይ ትለጠፋለች፣ ስቱኮ የወፈረበት ቦታ ላይ ግን አትይዝም። መኪናው የተጋጨው እዚያ ጋ ነው። ቆጣሪው ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ካለቀ፣ መሪውም በእጅ ብዛት ከለሰለሰ፣ ፔዳሉን እመኑ። ቆጣሪን ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ሞልቷል፤ ፔዳልን የሚመልስ ግን እምብዛም ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት አሃዞችም ይናገራሉ። «2314» ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። «ጎማው አዲስ ነው» የሚለውን ሻጭ በትሕትና ወደዚያ ጠቁሙት።

ሞተሩን ቀዝቅዞ አግኙት። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ አሮጌ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ጠዋት ሲነሣ ነውና። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ይናገራል። ጥቁሩ ነዳጁ በወጉ አለመቃጠሉን ይናገራል። ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ውሃ ወደማይገባበት እየገባ ነው። የዘይቱን ክዳን ስትከፍቱ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካያችሁ የቴስታው ጓርኒሲዮን ነገር አሳሳቢ ነው። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡበት። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት አየሯ የሳሳ ስለሆነ ደህናውም ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የደከመው ደግሞ ዳገቱ ላይ ይለያል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑን ጠርጥሩ። በመጨረሻ ጋራዥ ወስዳችሁ ከሥሩ እዩት። ሻንሲው ላይ ብየዳ አለ? የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል?

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ልበል። ቪትዝ ቶዮታ በጃፓን ገበያ ለዚያ መኪና የሰጠው ስም ነው፤ በሌላው ዓለም ያሪስ ነው የሚባለው። ጃፓን ደግሞ መንገዱ በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። እንግዲህ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ እዚህ መሪው በግራ ሆኖ ከተገኘ፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ቆርጦና ቀጥሎ ወደዚህ አዙሮታል ማለት ነው። ሥራው በሚገባ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ነገር ግን ልጆቹን ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርድ አባት መካከል «መሪውን ማን አዞረው?» ብሎ የጠየቀ ስንት ነው?

«ቦሎ አለው» ይሉናል። ቦሎ ጥሩ ነው፣ ሕግም ነው። ግን የሚናገረው ስለ ምርመራው ቀን እንጂ ስለ ዛሬው ፍሬን አይደለም። «መካኒክ አይቶታል» ይሉናል። ማን ከፈለው? ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ዓይን ነው። የራሳችሁን ውሰዱ፤ መኪናውን ገዛችሁም ተዋችሁም ሒሳቡን ክፈሉት። «አይ፣ ዕድል ነው እንግዲህ» የሚሉም አሉ። ዕድል ስለ ሎተሪ ይወራ። ያለቀ የፍሬን ሸራ ዕድል አይባልም፤ ጎማ አስፈትቶ የሚታይ ነገር ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ነገር አንድ ጥናት አሳተመ። አሜሪካኖች ተሸሽጎ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን የሚወረወረው ኪስ ላይ ነው። የአከርሎፍ ነጥብ እንዲህ ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካቃተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። የጥሩው መኪና ባለቤት «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። ሰውየው በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚህ የምንማረው፣ «አታምነኝም እንዴ?» የምትለው ጥያቄ ገዢን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሻጭም እንደምትዘርፍ ነው። መኪናውን ተንከባክቦ የያዘ ሰው ድካሙ በዋጋ የሚታይለት ሲፈተሽ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያበግነው ደግሞ ከሽያጭ በኋላ የሚሆነው ነው። መኪናው በሳምንቱ ሲቆም ገዢ ይደውላል። ትናንት «አታምነኝም እንዴ?» ያለው ሰው ዛሬ «አይተህ አይደል የገዛኸው?» ይላል። ከሽያጩ በፊት ማየት ስድብ ነበር፤ ከሽያጩ በኋላ አለማየት ጥፋት ሆነ። ሕጋችን እንኳ ከዚህ ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ጉድለቱን በተንኰል ከደበቀም «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ በውሉ ውስጥ ያስገባው ቃል አያድነው። ግን ያው ሕግ በግልጽ እየታየ ገዢ በከባድ ቸልተኝነት ላላየው ጉድለት አይሟገትለትም። ሕጉም ዓይናችሁን ግለጡ ነው የሚለው። ስለዚህ ያያችሁትንና የተነገራችሁን ሁሉ በውሉ ላይ አስጽፉ። ሻጩ «ሞተሩ አልወረደም» ካለ ይጻፍ። ለመናገር የማይከብድ ነገር ለመጻፍ ከከበደ መልሱን አግኝታችኋል።

እኔ ይሉኝታን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ለጎረቤት፣ ለሐዘንተኛ፣ ለእንግዳ ይሁን። ነገር ግን ፍሬን ይሉኝታ አያውቅም። ቁልቁለት ላይ «የጨዋ ልጅ ነው» ቢባልለት አይዝም፤ ፊት ለፊት መንገድ የምትሻገረው ተማሪም በማናችን መተማመን ላይ አልፈረመችም።

ስለዚህ «አታምነኝም እንዴ?» ለሚላችሁ መልሱ አጭር ነው፤ «አምንሃለሁ፣ ኮፋኖውን ክፈተው።»