ሃያ ደቂቃ ለአንድ ዘፈን

በ1972 የእንግሊዙ ባንድ የስ «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉውን ለአንድ ዘፈን ሰጠው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘፈኑ ከ18 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። በዚያው ዓመት ጄነሲስ 23 ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን «ሳፐርስ ሬዲ» አመጣ። ጄትሮ ተል ደግሞ ባሰ፤ የ«ቲክ አዝ ኤ ብሪክ» ሁለቱም ገጾች አንድ ዘፈን ናቸው፤ መሐል ላይ የሚቋረጠውም ሸክላው መገልበጥ ስላለበት ብቻ ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያሳትመው ኩባንያ፣ የሚያሰማው የኤፍኤም ጣቢያ፣ ስታዲየም የሚሞላለት ሕዝብ ነበረው።

ዛሬ ይህ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባል ሙዚቃ የት ይገኛል ቢባል፣ ከትልልቆቹ ስሞች በስተቀር መልሱ ሌላ ነው። የሚገኘው በዓመት አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሁድን ይዞ በሚካሄድ፣ ታዳሚው ብዙ ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠር ፌስቲቫል ላይ ነው። ይህን አይተው «ከስታዲየም እስከ እርሻ ሜዳ ወረደ» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሙዚቃው እስከዛሬ የቆየው ትንሽ ቤት ስላገኘና የቤቱን ወጪ አድማጩ ራሱ ስለሚሸፍን ነው። ትልቅ ለመሆን የሞከረ ሁሉ ዋጋ ከፍሎበታል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ፕሮግረሲቭ ሮክ (አድናቂዎቹ «ፕሮግ» የሚሉት) በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ የተነሳ፣ የሮክን ጉልበት ከክላሲካልና ከጃዝ አሠራር ጋር ያጋባ ሙዚቃ ነው። የኪንግ ክሪምሰን የ1969 የመጀመሪያ አልበም እንደ በር ከፋች ይቆጠራል። ምቱ በአራት ብቻ አይሄድም፤ በአምስት ይቆጠራል፣ በሰባት ይቆጠራል፣ አንዳንዴ እዚያው ዘፈን ውስጥ ይቀያየራል። ዜማው ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመለሳል። አድማጩ የመጀመሪያውን ካላስታወሰ የኋለኛው ትርጉም የለውም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፓንክ የተባለው የሮክ ዘርፍ መጥቶ ይህን ሁሉ በትዕቢት ከሰሰው፤ ክሱም ጨርሶ ሐሰት አልነበረም።

ከፓንክ ይልቅ የጎዳው ግን ሒሳብ ይመስለኛል። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ደቂቃም ቢሄድ፣ ሃያ ሦስት ደቂቃም ቢሄድ የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሰባት ጊዜ ይሰማል። ረጅም ዘፈን የሠራ ባንድ ያንኑ የአድማጭ ጊዜ ወስዶ የሚያገኘው አንድ ሰባተኛውን ነው ማለት ነው። በ2024 ሌላ ደንብ ተጨመረ፤ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፈልበትም። ለታዋቂ ዘፋኝ 1,000 ማለት ኢምንት ነው። ሁለተኛ አልበሙን በራሱ ገንዘብ ላሳተመ የአራት ሰዎች ባንድ ግን ደጅ የሚያስጠና ቁጥር ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ረጅም መሥራት በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ትልልቆቹ የበጋ ፌስቲቫሎችም ቢሆኑ መድኃኒት አይሆኑም። እዚያ አምስት ስድስት መድረክ ጎን ለጎን ይጮሃል፤ ስሙ ብዙም ያልታወቀ ባንድ ለአርባ ደቂቃ ያህል ይወጣል፤ ታዳሚው ግማሹን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ያለው ባንድ በአርባ ደቂቃ ሁለት ዘፈን ተጫውቶ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ሲሰማ የነበረው ሰው ከፊቱ የለም።

የፕሮግ ፌስቲቫል አሠራር የዚህ ግልባጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መድረኩ አንድ ነው። ስለዚህ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ሁሉም ያንኑ ይሰማል፤ ማታ ምግብ ላይም ስለዚያው ይከራከራል። ባንዱ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የመጨረሻው ከዚያም በላይ ይሰጠዋል። በባንዶቹ መካከል ያለው ዕረፍት ረጅም ነው፤ መሣሪያ ሲቀየር ታዳሚው ወደ ሲዲና ሸክላ ሻጮቹ ጠረጴዛ ይጎርፋል። ለባንዱ ጠረጴዛው ከመድረኩ አያንስም። አልበሙን ከእጁ የገዛው አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሺህ ጊዜ ከመደመጥ የበለጠ ይከፍለዋል፤ በዚያ ላይ ከበሮ መቺውን «በሰባት ስትቆጥር ቆይተህ ወደ አራት የተመለስክበት ቦታ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት ሌላ የሮክ መድረክ ብዙ አይመስለኝም።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ፕሮግዴይ ነው። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል አጠገብ በ1995 ተጀመረ፤ በዓይነቱ በዓለም ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ስቶሪቡክ ፋርም በሚባል የእርሻ ቦታ ሲሆን ጊዜው የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ሰሞን ነው። ታዳሚው ተጣጣፊ ወንበሩን፣ የፀሐይ መከላከያ ድንኳኑን፣ ምግብና መጠጡን ይዞ ይመጣል። የሚገነባ ትልቅ ነገር የለም፣ ቪአይፒ የሚባል አጥር የለም፤ ከመድረክ የወረደው ጊታሪስት ሣሩ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ባንድ ይሰማል። ዝናብ ከመጣ ይመጣል። ወጪው ትንሽ ስለሆነ አዘጋጆቹ ስመ ጥር ባንድ ለማምጣት አይገደዱም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ባንድ ደፍረው ይጋብዛሉ፤ ታዳሚውም የሚመጣው ያላወቀውን ለመስማት ነው። ድህነቱ ነፃነት ሰጠው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሌላ በኩል ኒርፌስት የተባለ ፌስቲቫል ነበረ። በ1999 በፔንሲልቬኒያዋ ቤተልሔም ከተማ ተጀመረ፤ በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሺህ ገደማ መቀመጫ ባለው አዳራሽ ስሙ ገነነ። ደጋግ ዓመታት ነበሩት፤ ቲኬቱ ወዲያው ያልቅ ነበር። በ2002 ትሬንተን፣ ኒው ጀርሲ ወደሚገኝ ሰፋ ያለ አዳራሽ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ቤተልሔም ተመለሰ። በ2011 ቲኬቱ አልሸጥ ብሎ ተሰረዘ። በ2012 «አፖካሊፕስ» የሚል ስም ሰጥቶ፣ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ተሰናበተ። በስሙ መቀለዱን ወድጄለታለሁ። ግን ትምህርቱ መራራ ነው፤ አዳራሽ የሚከራይና በታላላቅ ስሞች ሰው የሚጠራ ፌስቲቫል ዕድሜው በእነዚያ ስሞች ዕድሜ ይለካል። ኒርፌስት ከተሰናበተ በኋላም ከዘውጉ ስመ ጥሮች የየስ ባሲስት ክሪስ ስኳየር በ2015፣ ኪት ኤመርሰንና ግሬግ ሌክ በ2016፣ ጆን ዌተን በ2017 ዐረፉ። እነሱን ለማየት ብቻ ቲኬት ይገዛ የነበረ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ሊጠብቅ ይመጣል?

የማሪሊየን መንገድ ሦስተኛ ነው። ይህ የእንግሊዝ ባንድ በ1997 አሜሪካ ዞሮ ለመጫወት ገንዘብ እንደሌለው ሲሰማ፣ አሜሪካ ያሉ አድናቂዎቹ በኢንተርኔት ተጠራርተው ወደ 60,000 ዶላር አዋጡ። ባንዱ ነገሩ ገብቶት በ2001 የወጣውን «አኖራክኖፎቢያ» የተባለ አልበም ሳይቀዳው ሸጠው፤ ከ12,000 በላይ ሰው ያልተሠራ ሥራ ከፍሎ ጠበቀ። እንዲህ ከሕዝብ ገንዘብ በማሰባሰብ ስሙ የሚነሳው ድረ ገጽ ኪክስታርተር የተከፈተው በ2009 ነው፤ ማሪሊየን ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞታል። በ2002 ደግሞ ባንዱ አድናቂዎቹን እንግሊዝ ውስጥ አንድ የባሕር ዳር መዝናኛ መንደር ሰበሰባቸው። ከ2007 ጀምሮ ኔዘርላንድስ ውስጥ ፖርት ዜላንድ ዋናው መሰብሰቢያ ሆነ። ቅዳሜና እሁዱ ሦስት ምሽት ይይዛል፤ ባንዱ ሦስቱንም ምሽት የተለያየ ፕሮግራም ይጫወታል፤ አንዳንዴ አንድ ሙሉ አልበም ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። እንዲህ ለማድረግ የሚደፍር ባንድ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው እያንዳንዱን ኖታ እንደሚያውቅ የተረጋገጠለት ብቻ ነው።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የሚያካሂደው የእግር ኳስ ውድድር ላይ ስንቱ ነው ኳሱን ለማየት የሚሄደው? ተበታትኖ የሚኖር ሰው በዓመት አንድ ጊዜ «የእኔ ቢጤ ይህን ያህል ነው እንዴ!» የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጄነሲስን ከመጀመሪያው ዘፋኙ ከፒተር ጋብሪየል ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ብቻውን ነው፤ የፕሮግዴይ እርሻ ላይ ግን ጎረቤቱ ያርመዋል። ሰውን የሚያስመጣው ሙዚቃው ነው፤ በዓመቱ የሚመልሰው ግን ሰው ነው።

ትንሽነት ነውር የለውም ማለቴ አይደለም። ታዳሚው በአመዛኙ ወንድ ነው፤ ፀጉሩም ሸብቷል። የወንዶቹ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ከሴቶቹ የሚረዝምበት ብቸኛው ኮንሰርት ይህ ነው የሚለው የአድናቂዎቹ የራሳቸው ቀልድ ከቀልድም በላይ ነው። የሚተዋወቅ ሰው የሚበዛበት ቤት ለአዲስ እንግዳ ይከብዳል። ወጣት ባንዶች ሞልተዋል፤ የሚያንሰው ወጣት አድማጭ ነው። እንደ እኔ እምነት መፍትሔው መድረኩን ማስፋት አይደለም፤ ለተማሪ በርካሽ መሸጥ፣ ያልታወቀውን ባንድ በጥሩ ሰዓት ማውጣት፣ ሽማግሌዎቹም ወንበራቸውን ትንሽ ወደኋላ ማድረግ ነው። የኒርፌስት የ2011 ታሪክ የሚያሳየው፣ ሁሉም «መጨረሻ ላይ እገዛለሁ» ካለ መጨረሻው ቀድሞ እንደሚመጣ ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ የፕሮግዴይ መገኛ ቻፕል ሂል በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የሙዚቃ ወዳጆች አንድ ዓመት ሞክሩት፤ ወንበርና ጥላ ያዙ። የባንዶቹን ስም አታውቁትም፤ እሱን አትጠብቁ። ቲኬቱን ግን በጊዜ ግዙ፤ አዘጋጆቹ ፌስቲቫሉን የሚያካሂዱት ቀድሞ በገባው ገንዘብ ነው።