ማኮብኮቢያውን አየነው፣ የሰማዩን መንገድስ ማን ነው የሚነድፈው?

ወገን፣ የቢሾፍቱ አዲሱ አየር ማረፊያ ምስል ሲለቀቅ ሁላችንም ሼር አድርገነዋል። ደግ አደረግን፣ ያምራል። ግን እስቲ አንድ ነገር ጠይቁ፦ አውሮፕላኖቹ እዚያ የሚደርሱበትን መንገድ ማን ነው የሚነድፈው?

ሰማይ ላይ አስፋልት የለም እንጂ መንገድስ አለ። መግቢያው ሌላ፣ መውጫው ሌላ፤ ከላይና ከታች የሚተላለፉት ቢያንስ በ1,000 ጫማ ይራራቃሉ። ይህን መንደፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እሱን ብቻ ሸጠው የሚያድሩ አማካሪ ድርጅቶች በዓለም አሉ። የበረራ መረጃህን ይወስዳሉ፣ በኮምፒውተር ይሞክሩታል፣ ተቆጣጣሪዎችን በሲሙሌተር ያለማምዳሉ፣ የደኅንነት ሰነድ ጽፈው ያስረክባሉ። ሂሳቡ በውጭ ምንዛሪ ነው።

የኛ ሰማይ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በምሥራቅ የረር። አሁን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሲያልቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ማረፊያ ሊጨመር ነው። ዝቋላ እዚያው አጠገቡ ነው። የአየር ኃይላችን ሐረር ሜዳም ያው ቢሾፍቱ ነው። ከቦሌ የሚነሳው፣ አቡሴራ የሚያርፈውና ተዋጊ ጄቱ አንድ ሰማይ ሊካፈሉ ነው። መስመሩ በደንብ ካልተነደፈ ማኮብኮቢያው ቢበዛም ዋጋ የለውም፤ አውሮፕላኑ ተራ እየጠበቀ አየር ላይ ሲዞር ነዳጅ ይጨርሳል።

"የውጭ አማካሪ አይምጣ" እያልን አይደለም። ፉከራ አውሮፕላን አያሳርፍም። አየር መንገዳችንም እ.ኤ.አ. በ1946 መብረር ሲጀምር በአሜሪካው ቲደብልዩኤ ሰዎች ነበር። ግን እየተማርን ተረከብን፦ በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፣ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የድርጅቱን አመራር ያዙ። በአብራሪ የቻልነውን በሰማይ ንድፍ የማንችልበት ምክንያት የለም።

ጎረቤታችን ሶማሊያን እዩ። መንግሥቷ ሲፈርስ ሰማይዋን ከሃያ ዓመት በላይ ከናይሮቢ ሆነው ሲያስተዳድሩላት ቆዩ፤ ወደ ሞቃዲሾ የተመለሰው በ2017 መጨረሻ ነው። የኛ ሁኔታ ሌላ ነው፣ ይገባናል። ቢሆንም አንዴ ሌላ እጅ የገባ ሙያ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያሳያል።

በ2018 የኛዎቹ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ስንቶቻችን ነን ሥራቸው ምን እንደሆነ እንኳን የገባን? እነዚህ ሰዎች ንድፉ ሲሠራ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ካለቀ በኋላ ለማጨብጨብ ብቻ መጠራት የለባቸውም።

ስለዚህ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ስንጠይቅ ጥያቄያችን የተለየ ይሁን። አማካሪው የተጠቀመበት ጥሬ መረጃና የኮምፒውተር ሞዴል ሲሄድ እዚህ ይቀራል ወይ? ስንት ኢትዮጵያዊ ነዳፊ አብሮት ይሠራል? የበረራ ካርታ በየ28 ቀኑ በሚዞር ዓለም አቀፍ ዑደት ይታደሳል። አማካሪው ሻንጣውን ይዞ ከሄደ በኋላ አንዲት መስመር ማስተካከል ሲያስፈልግ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ያስተካክላታል ወይስ እንደገና ጨረታ እናወጣለን?