ስለ ዳማው ኮርማ

ከሮቤ እስከ ጎባ፣ ከሲናናም እስከ ዲንሾ በተዘረጋው የባሌ ደጋ፣ የአርሲ ዝርያ የሚባሉት የአገሩ ከብቶች ቁመታቸው አነስተኛ፣ ቀንዳቸው አጭር ሲሆን፣ ከመካከላቸው ቀዩና ዳማው የበዛ ነው፤ ከእነዚህም ዳማው ወይፈን፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ጀርባው የሚያበራው፣ በገበያ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፍበት ፍጡር ነው። እኔም ኅብሩን እወድደዋለሁ። ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዘራበት በዚህ አገር፣ የበልጉ ድካም ሳይወጣለት ለመኸሩ የሚጠመደውን በሬ በጭቃ መካከል ቀንበሩን የሚያስችለው የትከሻው ስፋት፣ የእግሩ ቀጥ ማለት፣ የሰኮናው ጽናትና የጠባዩ ርጋታ እንጂ የጠጉሩ መልክ አይደለም።

የሚያሳዝነኝም ነገር ከዚህ የሚነሣ ነው። በትከሻውና በጠባዩ ከመንጋው ሁሉ የተመረጠው ወይፈን ዘሩን ሳይተካ ተኮላሽቶ ለቀንበር ሲሰጥ፣ ወይም ደልቦ ለዕርድ ሲሸጥ፣ ለቀንበርም ለገበያም ያልበቃው ደካማ ግን ሳይኮላሽ ከላሞች ጋር በግጦሹ ይሰማራል፤ ላም በዓመት ከአንድ ጥጃ የማታልፍ ስትሆን አንድ ኮርማ ብዙ ላሞችን የሚያስረግዝ በመሆኑ፣ የአባትየው ጉድለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመንደሩ በረት ሁሉ ይሠርጻል።

በሲናና ሜዳ ትራክተርና ኮምባይነር ስለ ገቡ የበሬ ዘመን አለፈ የሚሉ አሉ፤ ዳሩ ግን ትራክተር በማይወጣው ተዳፋት፣ ኪራዩንም መክፈል በማይችለው ድኻ ማሳ ላይ ዛሬም የሚያርሰው በሬ ነው። በ1960ዎቹ ካዱ እየተባለ ይጠራ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአጎራባቹ አርሲ እንዳደረገው፣ የአገሩን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ማዳቀል ወተትን ማብዛቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድቅሉ ብዙ መኖና ብርቱ ጥበቃ ስለሚሻ፣ ግጦሹ በስንዴ ለተያዘበት ገበሬ ሁሉ የሚስማማ አይደለም።

ስለዚህ የየመንደሩ ሽማግሎች ተመካክረው፣ ከወይፈኖቻቸው መካከል በአካልና በጠባይ የተመሰከረለትን፣ ዳማም ይሁን ጥቁር፣ ሳይኮላሽ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ለዘር ያቆዩት፤ የገዛ ልጆቹንም እንዳይሰርር ጊዜው ሲደርስ ከጎረቤት መንደር ኮርማ ጋር ይለዋወጡት፤ በምርጫውም የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ሊቃውንት ይርዷቸው። ያልተኮላሸ ኮርማ ለቀንበር አስቸጋሪ ስለሆነ የባለቤቱ ጥማድ ይጎድላልና፣ ላሞቻቸውን ያስጠቁት ጎረቤቶቹ ሁሉ ከገለባቸው ያዋጡለት፣ የእርሻውም ወራት ሲደርስ በየተራ በሬ ያውሱት።